የባንኩ ተከታቢዎች

እማሆይ አከራዬ ዘፈን ኃጢአት ነው ብለው ያምኑ ነበር። ቤታቸው ውስጥ ሬዲዮ የሚከፈተው ለዜና ብቻ ነው፤ ዜናው አልቆ ሙዚቃ ሲገባ ዓይናቸውን ከዳዊታቸው ላይ ሳያነሡ «ዝጊው ልጄ» ይሉኛል። እኚሁ ሴትዮ ታዲያ የከተማችን ባንድ በሚጫወትበት የገበያ ቀን ሁሉ መቋሚያቸውን ይዘው፣ እኔን ዱካ አሸክመው፣ ከሰው ሁሉ ፊት ሄደው ይቀመጡ ነበር። አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅኋቸው።

«እማሆይ፣ ዘፈን ኃጢአት ነው ይሉኝ አልነበር?»

«ነው እንጂ።»

«ታዲያ ይሄስ?»

ቆባቸውን አስተካከሉ። «ይሄማ ዘፈን አይደለም። ጩኸት ነው። መጮህ ክልክል ነው የሚል መጽሐፍ ደግሞ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም» አሉኝ።

እኔም ከዚያ የተሻለ ስም እስካሁን አላገኘሁለትም።

መሐል ሜዳ በአስተማሪነት የተመደብኩት ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ያደግኩት መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ ነው፤ እዚያ ብርድ ማለት አመሻሽ ላይ ነጠላ ደረብ ማድረግ ነው። መሐል ሜዳ ግን በኅዳር አንድ ጠዋት ባልዲዬ ውስጥ ያለው ውሃ ላዩ እንደ መስተዋት ጠጥሮ ጠበቀኝ። ክፍል ገብቼ ጠመኔ ስይዝ ጣቶቼ አይታዘዙኝም። «ሰዋስው» ብዬ ልጽፍ እጀምርና «ሰዋ» ላይ ስደርስ ጠመኔው ወለል ላይ ነው። ተማሪዎቼ ቢሥቁብኝ ደህና ነበር፤ እነሱ ግን ያዝኑልኝ ነበር። አንዷማ ከእናቷ የተላከ የሱፍ ካልሲ አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣልኝ ሮጠች። በሁለተኛው ወር የዝውውር ማመልከቻ ጽፌ ላክሁ።

መልሱ ሳይመጣ የወላጆች ቀን ደረሰ። ከየቀበሌው የመጡ ወላጆች የሱፍ ባናቸውን ተከናንበው ግቢው ውስጥ ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል። ርዕሰ መምህሩ ረዘም ያለ ንግግር አደረጉና ሲጨርሱ ሦስት ሰዎች ወደ መሐል ወጡ። ሁለቱን አውቃቸዋለሁ። አንዱ የፊዚክስ አስተማሪው ነው፤ ተማሪዎች «ፊዚክሱ» የሚሉት፣ መምህራን ክፍል ውስጥ ከአጠገቤ እየተቀመጠ በቀን ሦስት ቃል የማይተነፍስ ቀጭን ሰው። ሁለተኛው የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነው። በቀድሞው ሠራዊት የማርሽ ባንድ ውስጥ ከበሮ መቺ ነበር፤ ሠራዊቱ ሲበተን ወደ ትውልድ አገሩ ተመልሶ የኛን ደወል መምታት ጀመረ። «አሥር አለቃው» ይባላል። ሦስተኛውን ያየሁት ያን ዕለት ነው። የእርሻ ጽሕፈት ቤት የእንስሳት ጤና ረዳት ነው፤ በጎቻቸውን የሚከትብላቸው ገበሬዎች ግን «ዶክተር» ነው የሚሉት። አጭር ነው፣ ደረተ ሰፊ። ድምፁ በየሜዳው በበግ መንጋ ላይ ሲጮህ ከርሞ የሻከረ ነበር።

ፊዚክሱ የያዘውን ነገር መጀመሪያ ጊታር መሆኑን አላወቅሁም። ከተሰበረ የተማሪ ዴስክ የተጠረበ ጣውላ ነው። ክሮቹ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ናቸው። ከሥራቸው ከአሮጌ የስልክ እጀታ ያወጣው ማግኔት በፕላስተር ተለጥፏል። ከማግኔቱ የወጣው ሽቦ የባንዲራ ሰዓት መመሪያ በሚነገርበት ማጉያ ውስጥ ይገባል፤ ማጉያው የሚሠራው በመኪና ባትሪ ነው። አሥር አለቃው ፊት አንድ የዘይት በርሜል ቆሟል፤ ከጎኑ የከባድ መኪና ቸርኬ ተንጠልጥሏል። ቸርኬው ያው የትምህርት ቤቱ ደወል ነው፤ ለአንድ ቀን ተውሶት ነው።

ጀመሩ። እንደዚያ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ወፍጮ ቤት ውስጥ ቆርቆሮ ሲጎተት አስቡት፤ ግን በልክ፣ እንደ ማርሽ ሰልፍ እየረገጠ፣ እየፈጠነ። ከፊቴ የነበሩት ሽማግሌ ጆሯቸውን ያዙ። ከዚያ ዶክተሩ አፉን ከፈተ።

*ብርዱ ቤቴ ገብቶ እግሬን ሲበላ፣*
*እንግዳ ነው ብዬ አቀረብኩለት ጠላ።*

ጆሯቸውን የያዙት ሽማግሌ እጃቸውን አወረዱ። ዘፈኑ ቀጠለ፤ ብርዱ ጠላውን ጠጥቶ፣ ቆሎውን ቆርጥሞ፣ አልጋው ላይ ወጥቶ «አንተ ወደ ግድግዳው ጠጋ በል» አለ። እኔ ሣቅሁ። ትንሽ ሣቅ አልነበረም፤ ከሁለት ወር በፊት ከቤቴ ከወጣሁ ወዲህ ያከማቸሁት ነው የወጣው። ዕንባዬ እየወረደ ዙሪያዬን ሳይ ግቢው በሙሉ እንደኔ ሆኗል። በዚያ ብርድ የምሠቃየው እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካስ እነሱም ይበርዳቸዋል።

ከዚያን ቀን በኋላ ፊዚክሱን መምህራን ክፍል ውስጥ በጥያቄ አላስቀምጥ አልኩት። ጊታር ከየት ተማርክ አልኩት።

«አልተማርኩም።»

«ታዲያ እንዴት ትጫወታለህ?»

«ሦስት ድምፅ አለኝ» አለ። «አራተኛው ሲመጣ እነግርሻለሁ።»

በነበርኩባቸው ዓመታት አራተኛው አልመጣም፤ አላስፈለገም።

ስማቸውን ያገኙት በአንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ምክንያት ነው። ልጁ ለዕረፍት ከአዲስ አበባ መጥቶ፣ ገበያው ሲፈታ ሜዳው ላይ ሲጫወቱ አያቸውና ወደ አሥር አለቃው ቀረብ ብሎ፣ «ይሄ እኮ ውጭ አገር ፓንክ የሚባለው ሙዚቃ ነው» አለው። አሥር አለቃው ከጦር ሜዳም ከከበሮም ብዛት ጆሮው ትንሽ ይከብደዋል።

«ባንክ?»

«ፓንክ።»

«እኮ፣ ባንክ።» ወደ ዶክተሩ ዞረ። «ባንክ ናችሁ ይላል።»

ዶክተሩ ትንሽ አሰበና «እንግዲህ ሰው አደራውን ይስጠን» አለ። ስሙ እዚያው ጸና። ከዚያ ወዲያ በገበያ ቀን ገጠሬው ሁሉ «ዛሬ ባንኩ ይከፈታል?» እያለ ይጠይቅ ጀመር። ከሞላሌ በኩል የመጡ አንድ አዛውንት ይህን ሰምተው ብር ሊያስቀምጡ መጥተው፣ በርሜል ሲመታ አይተው፣ ቆመው እስኪያልቅ አዳምጠው፣ ብራቸውን እንደቋጠሩ በደስታ ሲመለሱ በዓይኔ አይቻለሁ።

የነበራቸው አድማጭ ግን ከከተማው ይልቅ ከገጠሩ ነበር። ምክንያቱ ዶክተሩ ነው። በክትባት ሰሞን በእግሩና በፈረስ የማይደርስበት ቀበሌ የለም፤ ዘመሮን፣ ሞላሌን፣ ከጓሳ ደጋ ማዶ ግሼን ያካልላል። በየደረሰበት ሰው ያጫውተዋል። ማን በማን ላይ እንደተቀየመ፣ የማን አውራ በግ የቄሱን ሻሽ እንደበላ፣ የማን ቤት ቁንጫ እንደበዛ ይሰማል። በሦስተኛው ሳምንት ወሬው ግጥም ሆኖ ይመለሳል፤ ግን የሰውን ስም አያነሣም፤ ሁልጊዜም የደረሰበት ሰው እሱ ራሱ እንደሆነ አድርጎ ነው የሚዘፍነው። ሰው የሚወድደው ለዚህ ይመስለኛል። የቁንጫው እንዲህ ይል ነበር፦

*ቁንጫ ብትነክሰኝ እኔ አልከሳትም፣*
*አንድ አልጋ ላይ አድረን ባዳ አልላትም።*

አንድ ጊዜ የግጥም ደብተራቸውን ሰጥተውኝ የአማርኛ አስተማሪ አይደለሽ፣ እስቲ አርሚልን አሉኝ። ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ቁጭ አልኩ። ቤት ያልመታውን አስመታሁ፣ የተንዛዛውን አሳጠርኩ፣ አንድ ሁለት ቦታ ላይ ያማረ ቃል ጨመርኩ። በሚቀጥለው ገበያ ያረምኩትን ዘፈኑት። ቤቱ በሚገባ መታ፤ አንድም ሰው ግን አልሣቀም። እኔም እስክሪብቶዬን ከደብተራቸው አርቄ፣ ከዚያ በኋላ ዱካ ተሸካሚ ብቻ ሆንኩ።

አድማጮቻቸው የሚለዩበት ምልክት የመጣው ከዘመሮ ነው። የተከተበ በግ ካልተከተበው እንዲለይ ዶክተሩ ግንባሩን ሐምራዊ ቀለም ይቀባዋል። አንድ የገበያ ቀን ከክትባት በቀጥታ መጥቶ፣ እጁ እንደቀለመ ሊዘፍን ሲል፣ ከፊት የቆመ የዘመሮ ገበሬ «ዶክተር፣ እኔንስ ለምን አትከትበኝም?» አለው። ዶክተሩ ጣቱን ቀለሙ ውስጥ ነክሮ የሰውየውን ግንባር ቀባው። ሰው ሣቀ። በሚቀጥለው ገበያ ሰውየው ከስድስት ጎረቤቶቹ ጋር መጣ፤ ስድስቱም ተሰልፈው ግንባራቸውን ሰጡ። በሁለት ወር ውስጥ ሜዳው ላይ ግንባሩ ሐምራዊ ያልሆነ እንግዳ ነው። ሌላው ዘፋኝ ተከታይ ይኑረው፣ እኛ ተከታቢ ነን ይባባሉ ነበር።

እኔም ተከተብኩ። እማሆይ ግን እምቢ አሉ። «ግንባሬ ሜሮን የተቀባ ነው፤ ሌላ አይደረብበትም» አሉ። ዶክተሩ አክብሮ እጁን ሲመልስ፣ መቋሚያቸውን ወደ እሱ ዘረጉ። «ጫፏን ንካልኝ» አሉት።

በዚያ ዘመን ሰው ተሰብስቦ አንድ ላይ ሲጮህ የሚጠይቅ አይጠፋም። አንድ የወረዳው ሹም ዶክተሩን አስጠራው። አብሮ የሄደው ፊዚክሱ ነው፤ የነገረኝም እሱ ነው፤ ያን ቀን ከሦስት ቃል በላይ ተናገረ።

«ብርዱ ማነው?» አሉት ሹሙ።

«የቱ ብርድ?»

«በዘፈኑ ውስጥ ያለው። ሰው ቤት ገብቶ ጠላ የሚጠጣው። ባለቤቱን ጠጋ በል የሚለው።»

«ብርዱ ብርድ ነው» አለ ዶክተሩ።

ሹሙ ወረቀት አገላበጡ። ከአዳማ በኩል የመጡ ሰው ናቸው፤ ካፖርት ላይ ካፖርት ደርበዋል፤ ከጠረጴዛው ሥር ደግሞ እግራቸውን በወፍራም የሱፍ ዝተት ጠቅልለውታል። ዶክተሩ ዝተቱን አየ፤ ሹሙም ዶክተሩ ዝተቱን ማየቱን አዩ።

«እውነትህን ነው» አሉ በመጨረሻ። «ብርድ ነው።»

ከዚያ በኋላ የጠየቃቸው የለም። ሹሙ ራሳቸው ከሜዳው ዳር፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ቆመው ሲያዳምጡ አይተናቸዋል። ግንባራቸውን ግን አላስቀቡም፤ ማንም እንዲቀቡ አልጠበቀም።

ጣጣ ያመጣው የአውቶቡሱ ዘፈን ነው። ያን ጊዜ ከኛ ወደ ደብረ ብርሃን የሚወርድ አንድ አሮጌ አውቶቡስ ነበር። ዳገት ላይ ይቆማል፤ ተሳፋሪ ይወርዳል፤ ይገፋል። ከተሳፋሪው መሐል ያልገፋው ቄስም የለ፣ ዳኛም የለ። ዶክተሩ ሁለት ስንኝ ሠራለት፦

*ቲኬት ቆርጬ ገባሁ፣ ወርጄ ገፋሁት፣*
*ተሳፈርኩ እንዳልል እኔው ተሸከምኩት።*

ከዚያ አሥር አለቃው ቸርኬውን ይመታል። ዶክተሩ «ዳገት ነው» ይላል፤ ሕዝቡ «ግፋ» ይላል። «ፍሬን የለው» ሲል «ግፋ»። «ቁልቁለት ነው» ሲል ግን ሁሉም ባንድ ድምፅ «ጸልይ» ይላል። እማሆይ የሚጮሁት እዚህ ላይ ብቻ ነበር፤ «ጸልይ» ላይ። መቋሚያቸውን መሬት እየመቱ።

ፋሲካ አልፎ፣ በበልጉ ውስጥ፣ ከጓሳ ዳር ያሉ ቀበሌዎች መልእክት ላኩ። ለዓመታት ተጠብቆ የቆየው የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን ሊታጨድ ተፈቅዷል፤ ከየአቅጣጫው ሕዝብ ይሰበሰባል፤ ባንኩ መጥቶ ቢጫወትልን የሚል ነበር። ከዚያ በፊት ማንም ከከተማ ውጭ ጠርቷቸው አያውቅም። አሥር አለቃው የቀድሞ ኮቱን አውጥቶ ቁልፎቹን በአመድ ሲወለውል ሰነበተ። አውቶቡሱን ለጉዞው ተከራየን። ቦታ የያዙት ተከታቢዎች ብቻ መኪናው ከሚይዘው በላይ ነበሩ።

በቀጠሮው ጠዋት በርሜሉን፣ ማጉያውንና ባትሪውን ይዘን መናኸሪያው ስንደርስ ባለ አውቶቡሱ በሩ ላይ ቆመዋል። ሽበታም፣ ቁመተ ረጅም፣ በከተማው የተከበሩ ሰው ናቸው። በሩን አልከፈቱም።

«መኪናዬ ፍሬን የለውም ብላችሁ በየገበያው ስትዘፍኑ ሰምቻለሁ» አሉ። «ታዲያ ፍሬን በሌለው መኪና ለምን ትሳፈራላችሁ?»

ዶክተሩ ሊያስረዳ ሞከረ። «ጋሼ፣ ጨዋታ ነው እኮ። እርስዎን ለመንካት አይደለም።»

«ሠላሳ ዓመት በዚህ መንገድ ሰው አመላልሻለሁ። ለሠርግም፣ ለለቅሶም። የኔን መኪና ነው መሣቂያ ያደረጋችሁት።» ድምፃቸውን አላነሡም። «የምትገፉት ከሆነ ደግሞ ምን ያደርግላችኋል። ባዶ እጃችሁን መሄድ ይቀላል።»

እኔ የተሰማኝ ሐፍረት ነው። ስንሣቅ ያ መኪና ባለቤት ያለው፣ በባለቤቱም የሚወደድ መሆኑን አንድ ቀን አስቤው አላውቅም ነበር። ዶክተሩም ፊቱ ተለዋወጠ። አንገቱን ደፍቶ «እውነትዎን ነው» አለ።

ቀኑ የቀረ መስሎን ልንበተን ስንል እማሆይ መቋሚያቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው መንገድ ጀመሩ።

«ወዴት ነው እማሆይ?» አልኳቸው።

«የተጠሩበት ቦታ መቅረት ነውር ነው» አሉ ሳይዞሩ።

ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። እሳቸው ከሄዱ ማን ይቀራል። ከአንድ ነጋዴ በቅሎ ተውሰን ባትሪውንና ማጉያውን ጫንን። በርሜሉን ሁለት ገበሬዎች በአጣና አንጠልጥለው ተሸከሙ። ለኔ ቸርኬው ደረሰኝ፤ ከአንዲት የሞላሌ ሴት ጋር በገመድ አንጠልጥለን እየተቀያየርን ያዝነው። ፊዚክሱ ጊታሩን እንደ ሕፃን በጋቢው ውስጥ አቅፎ ከበቅሎዋ ኋላ ይከተላል። ግንባሩ ሐምራዊ የሆነ ሕዝብ በረድፍ መንገዱን ሞላው። በየመንደሩ ስናልፍ ሰው እየወጣ ያየናል፤ ምን እንደሆንን ሲጠይቁ አሥር አለቃው «ባንክ ነን» ይላል።

ግማሽ ቀን ሄድን። ጓሳ አፋፍ ላይ ስንወጣ ጉሙ ወረደ። አስቀድሞ ሩቅ ያሉት የጅብራ ተክሎች ጠፉ፤ ከዚያ በቅሎዋ ጠፋች፤ ከዚያ የገዛ እጄን ቸርኬው ላይ ማየት አቃተኝ። ሣር አጫጆቹ በሰሙት ድምፅ ወደ እኛ እየተጣሩ፣ እኛም እየመለስን ተገናኘን። ስንት ሰው እንደተሰበሰበ አላየንም። ሳል ይሰማል፣ ማጭድ ሲነካካ ይሰማል፣ ፈረስ ያናፋል። በዚህ ቀንስ አይሆንም ያለ ሰው ነበር፤ ዶክተሩ ግን «ሥራው በጆሮ ነው፣ ዓይን ምን ያደርጋል» አለ።

የብርዱን ዘፈን ጀመሩ። ከመጀመሪያው ስንኝ አላለፉም፤ እርጥበቱ ባትሪው ውስጥ ገብቶ ማጉያው አንዴ ጮኸና ዝም አለ። ከማጉያው ጋር ጊታሩም ሞተ። ፊዚክሱ ጉልበቱ ላይ ተንበርክኮ ሽቦ ሲነካካ ይሰማኛል፤ ሲተነፍስ ይሰማኛል። ዶክተሩ ያለ ማጉያ ሊቀጥል ሞከረ፤ ግን ከጠዋት ጀምሮ በዚያ ብርድ ሲያወራና ሲያበረታታን የመጣ ሰው ነውና ድምፁ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ተሰብሮ ጠፋ። በርሜሉ ብቻ ቀረ። አሥር አለቃው አላቆመም። እንደ ማርሽ ሰልፍ፣ ቀስ ብሎ፣ እየጠበቀ ይመታል።

ያኔ ከጉሙ ውስጥ፣ ከግራ በኩል ይመስለኛል፣ አንድ የማላውቀው ሰው የተቀረውን ስንኝ አነሣው። ሌላው ተቀበለው። ከዚያ ከየት እንደሚመጣ በማይታወቅ ሁኔታ ከዙሪያችን ሁሉ ዘፈኑ ይመጣ ጀመር። ግጥሙን በሙሉ ያውቁታል። አንዳንዶቹ ከተማ ወርደው አንድ ቀን እንኳ ያላዩዋቸው፣ ከጎረቤት የተማሩት ናቸው። ቁንጫውን ዘፈኑ፤ ሻሽ የበላውን በግ ዘፈኑ። ዶክተሩን ፈልጌ በእጄ ስዳብስ ክንዱን አገኘሁት። አፍንጫውን ሲስብ ይሰማኛል። እያለቀሰ ይሁን በርዶት ይሁን አልጠየቅሁትም።

የአውቶቡሱ ዘፈን ተራ ደረሰ። ከመናኸሪያው በኋላ እኛ አንነካውም ነበር፤ ሕዝቡ ግን አያውቅም። አንዱ «ዳገት ነው» አለ። መቶ ድምፅ «ግፋ» አለ። «ፍሬን የለው» ሲባል ከኋላችን፣ ከመንገዱ በኩል፣ ጎርነን ያለ የሽማግሌ ድምፅ መጣ።

«ፍሬኑ ይሠራል።»

በርሜሉ ቆመ።

«ፍሬኑ ይሠራል እያልኳችሁ ነው» አለ ድምፁ። ባለ አውቶቡሱ ነበሩ። «የማይሠራው ፍሪሲዮኑ ነው። ከዘፈናችሁ አስተካክላችሁ ዝፈኑ።»

ዶክተሩ በተሰበረ ድምፁ፣ ሹክ እንደማለት፣ «ፍሪሲዮን የለው» አለ። ቅርብ ያለነው ሰምተን አስተላለፍን።

«ፍሪሲዮን የለው።»

«ግፋ» አለ ጓሳው። ባለ አውቶቡሱም ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ፤ ከአጠገቤ ነበሩ።

ባለ አውቶቡሱ፣ እማሆይ በእግራቸው መሄዳቸውን ሰዎች ከነገሯቸው በኋላ መቀመጥ አልቻሉም። ባዶውን መኪና አስነሥተው ተከትለውን መጥተዋል። «ታዲያ የት ነው መኪናው?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ከታች» አሉ። «ዳገቱ ላይ ቆሟል።»

የሆነውን አሁንም ሳስበው ደስ ይለኛል። ያ ሁሉ ሕዝብ ማጭዱን ሣሩ ላይ ጥሎ በጉም ውስጥ እየተያያዘ ወደ ታች ወረደ። አሥር አለቃው በርሜሉን አስይዞ ከፊት እየመታ፣ ሕዝቡ «ግፋ» እያለ፣ አውቶቡሱን ዳገቱን በሙሉ ገፍተን አፋፍ ላይ አወጣነው። እማሆይም በአንድ እጃቸው ገፉ። ባለ አውቶቡሱ መሪውን ይዘው፣ መስኮቱን ከፍተው፣ የሠርግ ቀን ይመስል ክላክስ ያሰማሉ። ስንመለስ በሙሉ በእሱ ተሳፈርን፤ ቁልቁለቱ ላይ ሁላችንም የምራችንን ጸለይን።

ክረምት ሳይገባ ባለ አውቶቡሱ ፍሪሲዮኑን አሠሩ። ከዚያ ለዶክተሩ «እንግዲህ ተሠርቷል፣ ግጥሙን ለውጠው» አሉት። «ጋሼ፣ ቤት አይመታልኝም» አላቸው። እሳቸውም ግድ አላሉትም፤ ከዚያ በኋላ ባንኩ በተጠራበት ሁሉ የሚያደርሱት እሳቸው ነበሩ።

የዝውውር ማመልከቻዬ የተፈቀደው በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ነው። ርዕሰ መምህሩ ወረቀቱን ሲሰጡኝ አንብቤ አጥፌ «ትንሽ ልቆይ» አልኳቸው። ሰባት ዓመት ቆየሁ።

እንደዚህ ያለ ነገር ብዙ አይቆይም። ፊዚክሱ ለተጨማሪ ትምህርት ሄደ፤ ሲሄድ ጊታሩን ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ሰቅሎልኝ ሊሄድ ፈልጎ ነበር፤ እኔ ግን ይዞት እንዲሄድ ገፋፋሁት። ደብዳቤ ይጽፍልኝ ነበር፤ ደብዳቤዎቹም አጫጭር ናቸው። ዶክተሩ በሥራው አድጎ ደብረ ብርሃን ተመደበ። እዚያም ለመጫወት ሞክሮ እንደነበር ነግሮኛል። «ሰው በትሕትና አጨበጨበልኝ» አለኝ፤ እንደዚያ ተሸንፎ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። አድማጮቹ የሚያውቁትን ሰው፣ የሚያውቁትን ብርድና የሚያውቁትን ዳገት ነበር የሚዘፍነው፤ ከዚያ አገር ውጭ ቃሉ ብቻ ይቀራል። እማሆይ ያረፉት እኔ ከሄድኩ በኋላ ነው። የሰማሁት ዘግይቼ ነው፤ አርባቸው እንኳ አልፎ ነበር።

አሥር አለቃው ግን ቀረ። ከዓመታት በኋላ ለአንድ ዘመድ ሠርግ ሞላሌ ሄጄ ሳለ፣ ገበያው መውጫ ላይ የበርሜል ድምፅ ሰምቼ ዞር አልኩ። አርጅቷል፤ ጥርሱም ሳስቷል። ከፊቱ አራት ወጣቶች ቆመዋል፤ ሁለቱ ሴቶች ናቸው። ከአዲስ አበባ በመጣ እውነተኛ ጊታር ነው የሚጫወቱት። ዙሪያቸውን የከበባቸው ሰው ብዙ ነው። አንደኛዋ ሴት ስለ ኔትወርክ ነው የምትጮኸው፤ ስልክ ለመደወል ተራራ ወጥታ፣ ተራራው ላይ ሰልፍ ቆሞ ስላገኘችው ሰው ሁሉ። ከዚያ በጣም ስለፈጠነችብኝ የተቀረውን አልሰማሁትም። ከጎኔ ያለችው ልጅ ሆዷን ይዛ ስትሥቅ፣ ምን አለች ብዬ ጠየቅኋት። ልትነግረኝ ሞከረች፤ ሣቁ አላስጨረሳትም። ሠርጉ ይጠብቀኝ ነበር፤ ቢሆንም ቦርሳዬን እግሬ ሥር አስቀምጬ እስኪጨርሱ ቆምኩ።